ጫማ ከሰቀሉ በኋላ፦ የቀድሞ እግር ኳስ ተጫዋቾችን የኋላ ሕይወት ታሪክ ሰንዶ የማቆየት መመሪያ

የአንድ እግር ኳስ ተጫዋች ሕይወት በመዝገብ ላይ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ እስከ መጨረሻው ጨዋታ ድረስ ነው። ስንት ጊዜ እንደተሰለፈ፣ ስንት ግብ እንዳስቆጠረ፣ ከየትኛው ክለብ ወደ የትኛው እንደተዛወረ የሚገልጽ ሰነድ ፈልጎ ማግኘት ይቻላል፤ በ30ዎቹ ዕድሜው ጫማውን ከሰቀለ በኋላ የኖረውን አርባና ሃምሳ ዓመት የሚናገር ወረቀት ግን እምብዛም አይገኝም። ይህ የሕይወት ክፍል ያለው በራሱ በተጫዋቹ፣ በቤተሰቡና በቀድሞ የቡድን ጓደኞቹ ትውስታ ውስጥ ስለሆነ እነሱ ባለፉ ቁጥር አብሮ ያልፋል። የተጫዋች ልጅም ይሁን የክለብ ደጋፊ፣ የታሪክ ተማሪም ይሁን ጋዜጠኛ፣ ታሪኩን በጊዜው ቀድቶ ለማቆየት የሚፈልግ ሰው ከዚህ በታች ያለውን አሠራር ደረጃ በደረጃ መከተል ይችላል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወደ ሥራው ከመግባት በፊት ግን አንድ ነገር ቆርጦ መወሰን ያስፈልጋል። ስለ ቀድሞ ተጫዋቾች የሚጻፈው አብዛኛው ጽሑፍ አስቀድመው ከተሰፉ ሁለት ልብሶች አንዱን ያለብሳቸዋል፤ ተጫዋቹ ወይ ከዝና ማማ የወደቀ ምስኪን ነው፣ ወይ ከሜዳ ወጥቶ ትልቅ ሰው የሆነ ጀግና ነው። ለሁለቱም እውነተኛ ምሳሌ አይጠፋም። በ1958 እና በ1962 ከብራዚል ጋር የዓለም ዋንጫን ያነሣው ጋሪንቻ ከመጠጥ ጋር በተያያዘ ሕመም በ1983 በ49 ዓመቱ ሞቷል፤ በ1995 የባሎን ዶር ተሸላሚ የነበረው ጆርጅ ዊሃ ደግሞ ከ2018 እስከ 2024 ላይቤሪያን በፕሬዚዳንትነት መርቷል። ይሁን እንጂ የብዙዎቹ ሕይወት ከሁለቱም ውጭ ያለፈ ነው። በ1970 የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ቶስታኦ በዓይን ጉዳት ምክንያት በ1973 ገና በ26 ዓመቱ ኳስን ትቶ ሕክምና ተማረ፣ በኋላም የጋዜጣ አምደኛ ሆነ። በእንግሊዝ ክለቦች ለዓመታት የተጫወተው ሆላንዳዊው ተከላካይ አርያን ደ ዜው ወደ አገሩ ተመልሶ የፖሊስ መርማሪ ሆኗል። እንዲህ ያለውን ሕይወት «ወደቀ» ወይም «ተነሣ» በሚል ቃል መግለጽ አይቻልም። ስለዚህ የሚሰነደው ታሪክ የባለታሪኩ እንደሆነ፣ መልኩንም የሚሰጡት እሳቸው እንደሆኑ ከመጀመሪያው ይቀበሉ፤ ይህን ያልተቀበለ ሰው ጥያቄውንም፣ አርትዖቱንም፣ ርእሱንም አስቀድሞ ወዳሰበው መደምደሚያ ማጣመሙ አይቀርም።

አንደኛ፦ ማንን አስቀድሞ መቅዳት እንደሚገባ መወሰን

በቅድሚያ ስም ዝርዝር ያዘጋጁ። ዝርዝሩን በዝና ቅደም ተከተል ማዘጋጀት የተለመደ ቢሆንም ትክክለኛው መለኪያ ዕድሜና ጤና ነው። ዝነኛው አጥቂ ቀድሞውንም ብዙ ቃለ ምልልስ ሰጥቷል፤ በተጠባባቂ ወንበር ላይ ብዙ ዓመት ያሳለፈው ግብ ጠባቂ፣ በ22 ዓመቱ ጉልበቱ ተጎድቶ የቀረው አማካይ፣ ከአንድ ክለብ ሳይወጣ ሥራውን የጨረሰው ተከላካይ ግን አንድም ጊዜ ተጠይቀው ላያውቁ ይችላሉ። የቡድኑ ወጌሻ፣ የትጥቅ ኃላፊውና የተጫዋቾች የትዳር አጋሮችም በዝርዝሩ ውስጥ መግባት አለባቸው፤ ተጫዋቹ ስለ ራሱ የማይናገረውን ብዙ ነገር የሚያውቁት እነሱ ናቸውና።

ሴት ተጫዋቾችን በተመለከተ ጥድፊያው ይበልጥ ያስፈልጋል። የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር በታኅሣሥ 1921 የሴቶች ጨዋታ በአባል ክለቦች ሜዳ እንዳይካሄድ ከልክሎ እገዳው ለሃምሳ ዓመት ያህል በመቆየቱ የዚያ ዘመን ተጫዋቾች ከይፋዊው መዝገብ ውጭ ቀሩ። ከመካከላቸው እጅግ የታወቀችው ሊሊ ፓር በነርስነት ስትሠራ ኖራ በ1978 ሞተች፤ በእንግሊዝ ብሔራዊ የእግር ኳስ ሙዚየም የዝነኞች መዝገብ ስሟ የሰፈረው ከሞተች ከብዙ ዓመታት በኋላ በ2002 ነበር። ክብሩን የሰጧት ሰዎች ጥያቄ ሊያቀርቡላት አልቻሉም። ተመሳሳይ ክልከላ በሌሎች አገሮችም ስለነበረ የሴቶች ቡድን ታሪክ በሚሰነድበት ቦታ ሁሉ «መዝገብ የለም» የሚለው መልስ የሥራው መጨረሻ ሳይሆን መጀመሪያ መሆን አለበት።

ሁለተኛ፦ ከመገናኘት በፊት ማጥናት

ባለታሪኩ የተጫወቱባቸውን ክለቦች፣ የውድድር ዘመኖቹን፣ የአሰልጣኞቹንና የቡድን ጓደኞቻቸውን ስም፣ የታወቁ ጨዋታዎችንና የጉዳት ጊዜያትን በአንድ የጊዜ ሰሌዳ ላይ ያስፍሩ። ዓላማው በቃለ ምልልሱ ላይ እውቀትን ለማሳየት አይደለም፤ ባለታሪኩ «ያኔ እኮ ከዚያ ከግራ ተመላላሹ ጋር» ሲሉ ማንን ማለታቸው እንደሆነ ለመረዳትና ስሙ ሲጠፋባቸው ቀስ ብሎ ለማስታወስ ነው። በሰሌዳው ላይ የመጨረሻው ጨዋታ ካለፈ በኋላ ያለውን ቦታ ባዶ አድርገው ይተዉት። ሥራው ያ ባዶ ቦታ ነው።

ሦስተኛ፦ ፈቃድ

ፈቃድን እንደ ወረቀት ሥራ የሚያዩ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ በእኔ እምነት ግን ከሁሉም ደረጃዎች በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ነው። የቀድሞ ተጫዋች ስሙና ፎቶው ለብዙ ዓመታት ያለ ፈቃዱ ሲሠራበት የኖረ ሰው ነው። ስለሆነም ጠያቂው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ልዩነቱን በተግባር ማሳየት አለበት። የመጀመሪያውን ግንኙነት ባለታሪኩ በሚያምኑት ሰው፣ ለምሳሌ በቀድሞ የቡድን ጓደኛ ወይም በልጅ፣ በኩል ያድርጉ፤ በመጀመሪያው ቀን መቅረጫ ይዘው አይሂዱ፤ ስለ ሥራው ብቻ ተነጋግረው ይመለሱ።

የፈቃድ ቅጹ በቀላል ቋንቋ፣ ከሁለት ገጽ ባልበለጠ መጻፍ ይኖርበታል። ቅጂው ለምን እንደሚዘጋጅ፣ የት እንደሚቀመጥ፣ ማን ሊሰማው እንደሚችል፣ ገንዘብ የሚገኝበት ከሆነ ገንዘቡ የማን እንደሚሆን፣ የቅጂው ባለመብት ማን እንደሆነና ባለታሪኩ ሐሳባቸውን ሲቀይሩ እስከ መቼና እንዴት ማስቆም እንደሚችሉ በግልጽ ያስቀምጥ። «ሁሉንም እፈቅዳለሁ» የሚል አንድ መስመር አይበቃም። አንዳንዱ ክፍል ወዲያው ለሕዝብ እንዲቀርብ፣ አንዳንዱ ከሞት በኋላ እንዲከፈት፣ አንዳንዱ ደግሞ ለተወሰኑ ዓመታት እንዲዘጋ የሚመርጡበት ቦታ ይኑረው። ስለ ፍቺ፣ ስለ ዕዳ፣ ስለ ሱስ ወይም ስለ ልጆች የሚነገር ነገር የሌላ ሰው ሕይወትም ስለሆነ ባለታሪኩ ፈቀዱ ማለት ሌላው ሰው ፈቀደ ማለት እንዳልሆነ መዘንጋት አይገባም፤ እንዲህ ያለው ክፍል እስኪታሰብበት ድረስ ተዘግቶ ይቆይ።

የመርሳት በሽታ ላለባቸው ባለታሪኮች ጉዳዩ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ፈቃዱ በሽታው በተጀመረበት ጊዜ፣ ራሳቸው መወሰን በሚችሉበት ወቅት ቢወሰድ ይመረጣል፤ ከዚያም በእያንዳንዱ ቀን ከመቅረጽ በፊት እንደገና ይጠይቋቸው፣ ፊታቸውንና ሁኔታቸውንም ያንብቡ። ቅጹ ተፈርሟል ብሎ ግራ የተጋባን ሰው መቅረጽ ትክክል አይደለም። ቤተሰብ ቢፈቅድም ባለታሪኩ ካልፈለጉ ሥራው ይቆማል።

አራተኛ፦ መሣሪያና ቦታ

ስለ መሣሪያ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። ከደረት ላይ የሚሰካ ትንሽ ማይክሮፎን የተገጠመለት መቅረጸ ድምፅ ወይም ስልክ፣ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ፣ ከውድ ካሜራ ይልቅ የተሻለ ውጤት ይሰጣል። ድምፁን ባልታመቀ የዌቭ ፋይል፣ በ48 ኪሎ ኸርዝና በ24 ቢት ይቅረጹት፤ የአንድ ሰዓት ነጠላ ቻናል ቅጂ ወደ 520 ሜጋ ባይት ገደማ ይሆናል። ኤምፒ3 ለማሰራጫ ይሆናል እንጂ ለዋና ቅጂ አይሆንም። ማቀዝቀዣና ቴሌቪዥን ይጥፉ፣ መስኮት ይዘጋ፤ አንድ ደቂቃ ሞክረው በጆሮ ማዳመጫ ካዳመጡ በኋላ ብቻ ይጀምሩ። በመግቢያው ላይ የጠያቂውንና የባለታሪኩን ስም፣ ቀኑንና ቦታውን በድምፅ ይናገሩ፤ የፋይሉ ስም አንድ ቀን ቢጠፋ ቅጂው ራሱን በራሱ ያስተዋውቃል።

አምስተኛ፦ ቃለ ምልልሱ

አንድ ጊዜ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ይበቃል፤ ለአረጋውያን ከዚያም ያነሰ ይሁን፣ ድካም በማይጫናቸው ሰዓትም ይደረግ። ቢያንስ ሁለት ጊዜ መገናኘት ያስፈልጋል፤ የመጀመሪያው ቀን ትረካ በአደባባይ ብዙ ጊዜ የተነገረው፣ ተደጋግሞ የተስተካከለው ታሪክ ይሆናልና። ባለታሪኩ ቤታቸው ተቀምጠው ያልተናገሩት የሚመጣላቸው ከዚያ ቀን በኋላ ነው።

የኳሱን ዘመን ለመዝለል አይቸኩሉ፤ ለሰውየው ክብር ያለበት ዘመን ስለሆነ ከዚያ መጀመር ያዝናናቸዋል። ወደ ኋላ ሕይወት የሚወስደው ድልድይ ግን የመጨረሻው ጨዋታ ነው። «የመጨረሻውን ጨዋታ ሲጫወቱ የመጨረሻ መሆኑን ያውቁ ነበር?» ብለው ይጠይቁ። ብዙዎች አያውቁም ነበር፤ ኮንትራት አልታደሰም፣ አሰልጣኝ ተቀየረ፣ ጉልበት አልድን አለ። ቀጥለው «በማግስቱ ጠዋት ምን አደረጉ?» ይበሉ። ይህ ጥያቄ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ከልጅነቱ ጀምሮ መቼ እንደሚነሣ፣ ምን እንደሚበላና የት እንደሚሄድ ሌላ ሰው ሲወስንለት የኖረ ሰው ያ ሥርዓት በአንድ ቀን ሲቆም ምን እንደተሰማው የሚገልጸው በዚህ መልስ ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ስለ መጀመሪያው ሥራ፣ ያንን ሥራ ማን እንዳገኘላቸው፣ የመጀመሪያው ደመወዝ ከኳስ ደመወዝ ጋር ሲተያይ እንዴት እንደነበረ፣ የሥራ ባልደረቦች ማንነታቸውን ያውቁ እንደነበር፣ ልጆቻቸው ሲጫወቱ አይተዋቸው እንደሆነ፣ ከቀድሞ ጓደኞች ማን እንደሚደውል፣ ክለቡ ጠርቷቸው እንደሚያውቅ፣ ስታዲየም ሲገቡ ከፍለው ይሁን ተጋብዘው፣ ጨዋታ በቴሌቪዥን ሲያዩ ምን እንደሚያስቡ አንድ በአንድ ይጠይቁ። ጥያቄው «አዎ» ወይም «አይደለም» በሚል የማይዘጋ ይሁን፤ በአንድ ጊዜም ከአንድ በላይ አይጠይቁ።

ዝምታን አይፍሩ። ባለታሪኩ ቆም ሲሉ በልብ እስከ አሥር ይቁጠሩ፤ ትልቁ ነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከዝምታው በኋላ ነው። «እህ» እና «አዎን» እያሉ በድምፅ ከመቀበል ይልቅ በዓይንና በራስ ንቅናቄ ይከተሉ፤ የጠያቂው ድምፅ በቅጂው ላይ ተደርቦ የሚያበላሸውን ንግግር በኋላ መለየት አይቻልም። ትውስታ ሲደክም የቡድን ፎቶ ያውጡና በእያንዳንዱ ሰው ላይ ጣታቸውን እያሳረፉ እንዲናገሩ ይጋብዟቸው፤ «ይህስ አሁን የት ነው ያለው?» የምትለው አንዲት ጥያቄ የአሥር ሰው የኋላ ሕይወት ልታወጣ ትችላለች። ባለታሪኩ ቢያለቅሱ መቅረጫውን ለማጥፋት ወይም ለመቀጠል የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። ጠያቂው ለማጽናናት ብሎ ርእስ መቀየር የለበትም፣ ለማስለቀስ ብሎም ጥያቄ መደጋገም የለበትም።

ስለ ሰውነትና ስለ ጤና ለብቻው ጊዜ ይስጡ። የዌስት ብሮሚች አልቢዮኑ አጥቂ ጄፍ አስትል በ2002 በ59 ዓመቱ ሲሞት የሞት መርማሪው ምክንያቱን በሥራ የመጣ በሽታ ብሎ መዝግቦታል፤ በ2014 አንጎሉ እንደገና ሲመረመር ከተደጋጋሚ የጭንቅላት ምት ጋር የሚያያዝ የአንጎል ጉዳት ተገኝቶበታል። በ2019 ይፋ የሆነው የግላስጎ ዩኒቨርሲቲ ጥናት 7,676 የቀድሞ የስኮትላንድ ፕሮፌሽናል ተጫዋቾችን ከሌላው ሕዝብ ጋር አወዳድሮ፣ በአንጎል መመንመን በሽታ የመሞት ዕድላቸው ሦስት ከግማሽ ጊዜ ያህል ከፍ ያለ መሆኑን፣ በልብ በሽታ የመሞት ዕድላቸው ግን ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። እንዲህ ያለ ጥናት ስንት ሰው እንደሞተ ይናገራል፤ በልምምድ ላይ ኳስ በጭንቅላት ስንት ጊዜ ይመታ እንደነበር፣ ራሱን የሳተ ተጫዋች ወደ ሜዳ እንዴት ይመለስ እንደነበር፣ ማስታገሻ መርፌ ማን ይወጋ እንደነበር የሚናገሩት ግን ተጫዋቾቹ ናቸው። ስለዚህ እነዚህን ነገሮች በዝርዝር ይጠይቁ፤ ሆኖም ሐኪም ካልሆኑ በሽታውን ራስዎ አይሰይሙ፣ በመግለጫው ላይም «ባለታሪኩ እንደተናገሩት» ብለው ብቻ ያስፍሩ።

ስድስተኛ፦ ፎቶ፣ ጋዜጣ፣ ሜዳሊያ

አብዛኛው ቤት ውስጥ በሳጥን ወይም በአልጋ ሥር የተቀመጠ ነገር አለ። ወስዶ መመለስ ብዙ ጊዜ ስለሚዘገይና እምነት ስለሚያሳጣ ዕቃውን ከቤቱ ሳያወጡ እዚያው ይቅዱ። ፎቶ በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ጥራት ስካን ተደርጎ በቲፍ የምስል ፋይል ይቀመጥ፣ ጀርባውም እንዲሁ፤ በእጅ የተጻፈው ስምና ቀን ያለው እዚያ ነውና። በፎቶ ጀርባ መጻፍ ካስፈለገ ለስላሳ እርሳስ ብቻ ይጠቀሙ። ፕላስቲክ ማለበስና በሚያጣብቅ ፕላስተር መጠገን ፈጽሞ አይገባም። የጋዜጣ ወረቀት በውስጡ ባለው አሲድ ምክንያት ራሱን የሚበላና አጠገቡ ያለውንም የሚያቀልም ስለሆነ ከፎቶ ተለይቶ አሲድ በሌለው ወረቀት መካከል ይቀመጥ። የቪዲዮ ካሴት ካለ ቅድሚያ ይሰጠው፤ ማግኔቱ በየዓመቱ እየደከመ፣ የሚያጫውተው መሣሪያም እየጠፋ ነው።

ሜዳሊያና ማሊያ የራሳቸው የኋላ ሕይወት አላቸው። በ1966 ከእንግሊዝ ጋር የዓለም ዋንጫን ያነሣው ኖቢ ስታይልስ ለቤተሰቡ የሚሆን ነገር ለመተው ሲል በ2010 ሜዳሊያዎቹን ለጨረታ አቅርቧል። ዕቃው ከሌለ «የት ሄደ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ መልሱ የታሪኩ አካል ነው። ዋጋውንና አሁን ያለበትን ቦታ ግን ለሕዝብ በሚቀርበው ቅጂ ላይ አያስቀምጡ፤ ሌባ ይጋብዛል።

ሰባተኛ፦ ማመሳከር

ትውስታ ውጤትንና ዓመትን ያምታታል፤ ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ባለታሪኩ 3 ለ 1 ያሉት ጨዋታ በመዝገብ 2 ለ 1 ከሆነ ቅጂውን አይንኩት፣ ባለታሪኩንም በመሀል አያርሙ፤ በግልባጩ ግርጌ «በጊዜው ጋዜጣ መሠረት 2 ለ 1» ብለው ማስታወሻ ያስፍሩ። ሰው የተሳሳተበት ቦታ ራሱ ምን እንደከበደው ሊናገር ይችላል።

ይበልጥ የሚያሳስበው በአፍ በአፍ የሚዞረው ታሪክ ነው። ብራዚል በሐምሌ 1950 በማራካኛ ስታዲየም በኡራጓይ 2 ለ 1 ስትሸነፍ ግብ ጠባቂ የነበረው ሞአሲር ባርቦሳ በ2000 እስኪሞት ድረስ ለሃምሳ ዓመት ያህል ተወቃሽ ሆኖ ኖሯል። የማራካኛ የእንጨት የግብ ቋሚዎች ሲቀየሩ ለእሱ ተሰጥተውት እንዳነደዳቸው በየቦታው ይነገራል። እንዲህ ያለ ታሪክ ሲያጋጥም ውብ ስለሆነ ብቻ እንደ እውነት መመዝገብም፣ ማስረጃ ስለጎደለው ብቻ መጣልም ተገቢ አይደለም። ማን እንደነገረው፣ መቼ እንደነገረው፣ ራሱ ያየው ይሁን የሰማው ለይቶ መጻፍ ይበቃል። ባለታሪኩ በሕይወት ካሉ ደግሞ ስለ እሳቸው የሚወራውን አንብበውላቸው ምን እንደሚሉ ይቅረጹ፤ ብዙዎቹ ይህን ዕድል አግኝተው አያውቁም።

ስምንተኛ፦ ወደ ጽሑፍ መገልበጥ

የአንድ ሰዓት ቅጂ ለመገልበጥ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ይፈጃል፤ ድምፅን ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ፕሮግራም ቢያግዝም የተጫዋቾችንና የክለቦችን ስም ስለሚያበላሽ በሰው መታረም አለበት። ባለታሪኩ የተናገሩበት ዘዬና የሜዳ ቋንቋ በጽሑፍ ቋንቋ አይተካ። ከዚያ ግልባጩን አትመው ወይም አንብበውላቸው ያስጸድቁ፤ እንዲወጣ የሚፈልጉት ዐረፍተ ነገር ካለ ለሕዝብ ከሚቀርበው ቅጂ ያውጡት፣ ዋናው ደግሞ በፈቃድ ቅጹ መሠረት ተዘግቶ ይቀመጥ።

ዘጠነኛ፦ ማስቀመጥ

እያንዳንዱን ፋይል ቀን፣ የባለታሪኩን ስምና ተራ ቁጥር በያዘ ወጥ ስያሜ ይሰይሙ። ሦስት ቅጂ ይኑር፤ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ደግሞ በሌላ ሕንፃ ወይም በኢንተርኔት ማከማቻ። ሃርድ ዲስክ ሳይነካ ቢቀመጥም ስለሚበላሽ በየዓመቱ ከፍተው ይፈትሹ፣ በየአምስት ዓመቱ ገደማም ወደ አዲስ ያዛውሩ። በማኅበራዊ ሚዲያ መለጠፍ ማሳወቅ እንጂ ማስቀመጥ አይደለም፤ አካውንቱ ሲዘጋ ሁሉም ይጠፋል። ከግለሰብ እጅ ይልቅ ቤተ መዛግብት፣ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ወይም የክለብ ሙዚየም ረጅም ዕድሜ አለው፤ ነገር ግን ከማስረከብ በፊት ተቋሙ የተዘጉ ክፍሎችን እንደተዘጉ ለማቆየት በጽሑፍ መስማማት አለበት፤ ካልተስማማ ሌላ ይፈልጉ።

ለባለታሪኩና ለቤተሰቡ ሙሉውን ቅጂ በሚመቻቸው መንገድ፣ ፋይል መክፈት ለማይችሉ ደግሞ በታተመ ግልባጭ፣ በነጻ ይስጡ። ከዚያ በኋላ ስልክ መደወልዎን አይተዉ፤ የፈቃድ ቅጹ ላይ ያለው አድራሻ ይቀየራል፣ ሐሳብም ይቀየራል፣ የተረሳ ታሪክም ትዝ ይላል። ባለታሪኩ ሲያርፉ «ከሞት በኋላ ይከፈት» የተባለውን ክፍል በዚያው ሳምንት ለዜና አያውጡ፤ ሐዘኑ እስኪረግብ ድረስ ቆይተው ከቤተሰቡ ጋር ቁጭ ብለው አብረው ያዳምጡት፣ መቼ እንደሚከፈትም ቅጹን ይዘው አብረው ይወስኑ።